በባሕር ጠረፍ መንደር ያረጀውን ዋና የውሃ መስመር መተካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከቁፋሮው በፊት

የሚተካው መስመር ከኮረብታው ማጠራቀሚያ ወርዶ በባሕሩ ዳር መንገድ ሥር እየተጓዘ እስከ ጀልባ መጠገኛው የሚዘልቅ ባለ 200 ሚሊ ሜትር የካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ተሰባሪ ብረት) ቧንቧ ነው። በታችኛው ጫፍ ያሉ ቤቶች ቀን ቀን ውሃ በቀጭኑ ይደርሳቸዋል፣ ጠዋት የሚቀዳው የመጀመሪያው ባልዲ ቡናማ ይሆናል፣ ውሃው ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ለተወሰኑ ሰዓታት ጨው ጨው ይላል። ከሦስቱ ምልክቶች የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። መስመሩ ግፊት ሲኖረው በቀዳዳዎቹ ውሃ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ግፊቱ ሲጠፋ ግን በዙሪያው ያለው ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ በዚያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ጨው መግባት ከቻለ ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚሰርግ ቆሻሻም መግባት ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ውሃ ከማባከን አልፎ የጤና ጉዳይ ሆኗል።

ይህን በግምት ላለመተው፣ ተጠቃሚው ሁሉ ተኝቶ ባለበት ሰዓት ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን ፍሰት በቆጣሪ ተከታተልን። በሌሊት የሚፈስ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ አፈር ነው። በተጨማሪም ከየቫልቭ ሳጥኑ አጠገብ ካሉት ቧንቧዎች ውሃ እየቀዳን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ለካን፤ ጨው የገባበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ይህ ርካሽ መሣሪያ የትኛው ክፍል እንደተቦረቦረ በግልጽ ይጠቁማል። ንባቡ ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ባሕሩ በቀረብን መጠን ከፍ እያለ ሄዷል።

አዲሱ ቧንቧ ባለ 225 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ (ፖሊኤቲሊን የሚባለው ፕላስቲክ)፣ የጥንካሬ ደረጃው ፒኢ 100፣ ኤስዲአር 11 (የውጭ ስፋቱ ከግድግዳው ውፍረት 11 እጥፍ) እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ደረጃ ቧንቧው እስከ 16 ባር ይሸከማል፤ የመስመሩ የሥራ ግፊት ግን 6 ባር ገደማ ስለሆነ በ10 ባር የተመደበው ቀጭኑ ኤስዲአር 17 ይበቃ ነበር የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ወፍራሙን የመረጥነው ፓምፕ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረውን የውሃ ምት፣ ባዶ ሲሆን ከውጭ የሚጫነውን የከርሰ ምድር ውሃና በላዩ የሚያልፈውን ከባድ ተሽከርካሪ አስበን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጻፍ ይገባል፤ ኤችዲፒኢ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው፣ ግድግዳው 20.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነም የውስጥ ስፋቱ 184 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 225 የሚለውን ቁጥር አይቶ መስመሩ ሰፋ ብሎ የሚደሰት ሰው ስሌቱን አልሠራውም። ያም ሆኖ የፕላስቲኩ ውስጥ ልስልስ ስለሆነና ስለማይዝግ፣ የማስተላለፍ አቅሙ ባለ 200 የሆነው ካስት አይረን አዲስ በነበረበት ጊዜ ከነበረው እምብዛም አያንስም።

አሮጌውን ቧንቧ ከውስጥ እየሰበረ በዚያው መንገድ አዲሱን የሚስበውን ዘዴም መርምረን ትተነዋል። በየጊዜው ለጥገና የታሰሩት የብረት ቀለበቶች ሰባሪውን ጭንቅላት ያስቆሙታል፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ ቀለበት ያልታሰረበት ረጅም ርቀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ጎን አዲስ ቦይ እንቆፍራለን፣ አሮጌው መስመርም አዲሱ ተሞክሮ እስኪያልቅ ድረስ መንደሩን ማጠጣቱን ይቀጥላል።

የሙከራ ጉድጓዶች

ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት በመንገዱ ላይ በተመረጡ ቦታዎች በእጅ ቆፍረን የአሮጌውን መስመር፣ የፍሳሽ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ትክክለኛ ቦታ አወቅን። የድሮው ካርታ መስመሩ በመንገዱ በስተ ባሕር በኩል እንደሚሄድ ያሳያል፤ መሬቱ ግን በሁለት ቦታ መንገዱን አቋርጦ ወደ ቤቶቹ እንደሚጠጋ ነገረን። አዲሱ መስመር ከፍሳሽ ቧንቧው በአግድም ቢያንስ 3 ሜትር እንዲርቅ፣ መሻገር ግድ በሆነበት ደግሞ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በላዩ እንዲያልፍ የሚል መመሪያ ይዘን ነበር የመጣነው፤ ጉድጓዶቹ ባይቆፈሩ ኖሮ በአንዱ መሻገሪያ ላይ ከሥር እንገባ ነበር።

ከአሮጌው ቧንቧ ላይ ለናሙና የተቆረጠው ቁራጭ ሊዘለል አይገባውም። ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ቅርጹ አልተለወጠም፣ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ ይነበባል። ፎርማኑ የኪስ ቢላዋ አውጥቶ ግድግዳውን ሲፍቀው ግን ጥቁር ለስላሳ ነገር እንደ እርሳስ እምብርት እየተላጠ ወረደ። ጨዋማው አፈር ብረቱን ለዓመታት ሲበላ ከካስት አይረኑ ውስጥ የቀረው የግራፋይት መረብና የዝገት ቅሪት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቧንቧ በዙሪያው ያለው አፈር ካልተነካ ለዓመታት ውሃ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ወይም አጠገቡ ሲቆፈር ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። ስለዚህ ለሠራተኞቹ ሁሉ የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ ከአሮጌው መስመር አጠገብ የሚቆፈረው በእጅ ይሁን፣ የተጋለጠው ርዝመትም ሳይደገፍ አይደር።

በውስጡ ደግሞ የዝገት ጉብታዎች ተከምረው 200 የነበረው ስፋት ወደ 130 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የቧንቧ አቅም ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ መጥበቡ ብቻውን አቅሙን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል፤ የጉብታዎቹ ሸካራነት ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም በታች ይሆናል። በታችኛው ጫፍ ያሉት ሰዎች ለዓመታት ሲያሰሙት የነበረው ቅሬታ እዚህ ቁራጭ ውስጥ ተጽፎ ይታያል።

በአጋማሹ ላይ ከካስት አይረን ወደ አስቤስቶስ ሲሚንቶ የተለወጠ አጭር ክፍል አገኘን። ይህን አንነካውም። በደረቁ ሲቆረጥ ወይም ሲሰበር የሚበንነው ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ባለበት ተዘግቶ ይቀራል፣ ቦታውም በካርታ ላይ ይመዘገባል።

ከጀልባ መጠገኛው አጠገብ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አፈሩ የናፍጣ ሽታ ነበረው። ይህ ትንሽ ግኝት ዕቅዱን ለውጦታል። ቤንዚንና ናፍጣን የመሳሰሉ ፈሳሾች የፕላስቲክ ግድግዳን ሳይበሱት ሰርገው ማለፍ ስለሚችሉ፣ ቧንቧው ምንም ስንጥቅ ባይኖረው እንኳ ውሃውን ሊበክሉት ይችላሉ። በዚያ ክፍል ዳክታይል አይረን (እንደ ካስት አይረን በቀላሉ የማይሰበር ብረት) ይገባል፣ መጋጠሚያዎቹም በተለመደው ጎማ ፈንታ ነዳጅን የሚቋቋም የናይትራይል ጋስኬት ይኖራቸዋል። ጨው ብረትን ስለሚበላ ከብረት ሸሽተን ነበር፤ ነዳጁ ደግሞ ወደ ብረት መለሰን።

ቁፋሮና ውሃ ማውጣት

የሥራ ሰዓታችንን የሚወስነው ባሕሩ ነው። በአንድ ሙላትና በሚቀጥለው ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስላለ፣ የዛሬው ሙላት ነገ በግምት 50 ደቂቃ ዘግይቶ ይመጣል፤ ማለዳ ለመቆፈር አመቺ የነበረው ሰዓት ከሳምንት በኋላ ቦዩ ውሃ የሚሞላበት ሰዓት ይሆናል። የፎርማኑ ሰሌዳ ላይ ከሠራተኞች ስም ዝርዝር በላይ የተለጠፈው የባሕሩ የሙላትና የሽሽት ሰዓት ሰንጠረዥ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ባሕሩን ትንሽ ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ባሕሩ መሸሽ ጀምሮም ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ለተወሰነ ጊዜ መውጣቱን አያቆምም። መዘግየቱ ከባሕሩ በራቅን መጠን ይጨምራል፣ እናም በየክፍሉ ምልክት በተደረገበት እንጨት ለካነው እንጂ በሰንጠረዡ ላይ ብቻ አልተማመንንም።

የቦዩ ጥልቀት 1.2 ሜትር ያህል ነው። በከፍተኛው ሙላት ውሃው ከመንገዱ ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ይህም ማለት የቦዩ ግማሽ በውሃ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ የተሞከረው በቦዩ ወለል ላይ ጉድጓድ አበጅቶ በሞተር ፓምፕ መሳብ ነበር። ደቃቁ አሸዋ ከውሃው ጋር እየፈሰሰ ስለሚወጣ ግን ግድግዳው ከሥር እየተቦረቦረ ይናድ ጀመር። ከዚያ በኋላ በቦዩ ጎን በተርታ ቀጫጭን ባለ ወንፊት ቧንቧዎችን ተክለን በአንድ ፓምፕ እንስብ ጀመር፤ እንዲህ ሲሆን ውሃው ቦዩ ጋ ሳይደርስ ይወርዳል፣ አሸዋውም ባለበት ይቆያል። የፓምፑ ውሃ ጠርቶ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ ደፍርሶ ከወጣ ከአንድ ቤት መሠረት ሥር አፈር እየተወሰደ ሊሆን ስለሚችል ፓምፑ ይቆማል።

አብዝቶ መሳብም የራሱ ጣጣ አለው። በጠረፍ አካባቢ ጨዋማ ያልሆነው (ጣፋጩ) የከርሰ ምድር ውሃ በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ከባሕር ወለል በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጣፋጭ ውሃ ከሥሩ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ጣፋጭ ውሃ ይኖራል የሚለው የታወቀ ስሌት የሚያሳየው፣ ከላይ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ከታች ጨውን ብዙ ከፍ እንደሚያደርግ ነው። ቦዩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት ጉዳቱ እዚህ ድረስ አይሄድም፤ ሆኖም በመንገዱ በስተ ላይ ያሉትን የእጅ ጉድጓዶች ውሃ እየለካን እንከታተላለን፣ ቦዩም በአጭር በአጭሩ ይከፈታል፣ ቧንቧ ገብቶበት ይዘጋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ይከፈታል። የሚወጣው ውሃ ማረጋጊያ ጉድጓድ ውስጥ አሸዋውን ጥሎ ወደ ባሕሩ ይመለሳል እንጂ ወደ ማንም ጓሮ አይለቀቅም።

ብየዳ

ቧንቧዎቹ በሙቅ ሳህን ጫፍ ለጫፍ ይበየዳሉ። የሥራውን ሂደት በቃል መናገር ቀላል ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ይላጋሉ፣ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል አምራቹ ባዘዘው ሙቀት ይቀልጣሉ፣ ሳህኑ ይወጣል፣ ጫፎቹ በተወሰነ ግፊት ይገናኛሉ፣ ግፊቱ ሳይለቀቅ ይቀዘቅዛሉ። ችግሩ ያለው በነፋሱ ውስጥ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሳህኑን በአንድ ጎን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም በላይ ጨውና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣና ገና ተልጎ በተዘጋጀው ጫፍ ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ማሽኑ በሸራ ድንኳን ውስጥ ይቆማል፣ የቧንቧው ሌላኛው ጫፍም በውስጡ ነፋስ እንዳይመላለስ ይከደናል። የተላገ ጫፍ በእጅ አይነካም። የነካ ሰው ጫፉን እንደገና እንዲልግ ይደረጋል፤ ይህን ሕግ ለመልመድ ጊዜ ወስዷል፣ ምክንያቱም ለስላሳ ነገር ሲያዩ መዳሰስ የሁሉም ሠራተኛ ልማድ ነው።

የሁለቱ ጫፎች ግድግዳ ቢበዛ በውፍረቱ አንድ አሥረኛ ማለትም በ2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ይታለፋል። ከብየዳው በኋላ ወደ ውጭ የተገፋው ጉብታ በመላው ዙሪያ እኩል መሆን አለበት። ጉብታውን በልዩ መላጫ ሳይቆራረጥ አንሥተን ወደ ኋላ እናጥፈዋለን፤ ንጹሕ ብየዳ ሲታጠፍ እንደ አንድ ገመድ ሆኖ ይቀራል፣ ቆሻሻ የገባበት ግን በመሃሉ መስመር ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። እንዲህ የተሰነጠቀ ጉብታ የወጣበት መጋጠሚያ ያለ ክርክር ተቆርጦ ይወጣል። ጉብታዎቹ ሁሉ የመጋጠሚያው ቁጥር ተጽፎባቸው በሳጥን ይቀመጣሉ፤ ለኔ ከማንኛውም የተፈረመ ቅጽ ይልቅ ይህ ሳጥን የሚታመን ማስረጃ ነው።

የማቀዝቀዣው ጊዜ ለዚህ ውፍረት ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። ባሕሩ እየሞላ ቦዩም ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ ያችን ጊዜ ለማሳጠር የሚመጣው ፈተና ብርቱ ስለሆነ፣ ብየዳው ከቦዩ ሥራ ተለይቶ በመንገዱ ዳር አስቀድሞ እንዲከናወንና ረጅሙ ቧንቧ ተዘጋጅቶ ሙላቱ ሲሸሽ ብቻ እንዲወርድ አደረግን።

ማውረድ

ይህ ቧንቧ ባዶውን ሲሆን በጨዋማ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። በ1 ሜትር ርዝመት ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ያፈናቅላል፣ የራሱ ክብደት ግን 12.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር በ28 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ውሃ ቢሞሉትስ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አስገራሚ ነው። ፖሊኤቲሊን ከውሃ ይቀላል፣ ጣፋጭ ውሃም ከባሕር ውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ በጣፋጭ ውሃ የተሞላው ቧንቧ እንኳ በባሕር ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ወደ ላይ ይላል እንጂ አይሰጥምም። ቧንቧውን የሚይዘው አፈሩ ነው። በመሆኑም ቧንቧው እንደወረደ በየተወሰነ ርቀት የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል፣ ጎንና ጎኑ ይጠቀጠቃል፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ሳይለብስ ፓምፑ አይጠፋም።

ሙቀቱ ሌላው ጉዳይ ነው። ኤችዲፒኢ በእያንዳንዱ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ቀትር ላይ ፀሐይ ያጋለው የ200 ሜትር ቧንቧ ቦይ ውስጥ ገብቶ በ25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አንድ ሜትር ሙሉ ያጥራል። ስለዚህ ቧንቧው በቦዩ ውስጥ በጥቂቱ እየተጠማዘዘ ይተኛል፣ አፈር ለብሶ ያድራል፣ ጫፉም የሚገጠመው በማግስቱ ማለዳ ነው።

ከቧንቧው በላይ የመዳብ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ፕላስቲክን የቧንቧ ፈላጊ መሣሪያ አያገኘውም፣ ሽቦውን ግን ያገኘዋል። የሽቦው መጋጠሚያዎች ውሃ የማያስገባ ሽፋን ካልተደረገላቸው ጨው በአጭር ጊዜ ይበላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የተቀበረው ሽቦ ለምንም አይጠቅምም። ከገጹ በታች 30 ሴንቲ ሜትር ላይ የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ አለ።

ቫልቮችና የብረት ክፍሎች

በመስመሩ ላይ ያለው ብረት በርዝመት ሲለካ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቫልቮቹ፣ ፍላንጆቹ (ቧንቧና ቫልቭ በብሎን የሚታሰሩባቸው የጫፍ ቀለበቶች)፣ ብሎኖቹ፣ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃዎቹና በጀልባ መጠገኛው አጠገብ የሚገባው ክፍል ናቸው። የአዲሱን መስመር ዕድሜ የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱም ጨው የሚበላው ሌላ ነገር አልተውንለትም። የቁጥጥር ሰዓት የሚባክን ከሆነ እዚህ ላይ መባከን አለበት ብዬ ስለማምን በየፍላንጁ ላይ ከምክንያታዊው በላይ ቆሜያለሁ።

ብሎኖቹ 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ናቸው፤ 304 የሚባለው በንጹሕ አፈር ውስጥ ይበቃ ነበር፣ ጨው ውስጥ ባለው ክሎራይድ ግን በነጥብ በነጥብ ይበሳል። የማይዝግ ብሎን በዳክታይል አይረን ፍላንጅ ላይ ሲታሰር ሁለቱ ብረቶች በጨዋማ ውሃ ውስጥ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም ፍላንጁ ነው፤ ፍላንጁ ትልቅ፣ ብሎኑ ትንሽ ስለሆነ ግን ጉዳቱ በሰፊው ተበትኖ ይቀንሳል። ተራ ብሎን በማይዝግ ፍላንጅ ላይ ማሰር ተቃራኒው ነው፤ ያ ብሎን ቶሎ ያልቃል። በሁለቱም በኩል ጥሩው መፍትሔ ውሃውን ማስቀረት ስለሆነ ፍላንጁ ከነብሎኑ ንጹሕ ተደርጎ በቅባት ይለሰናል፣ ጥርብ የሆኑት ማዕዘኖች በሊጥ መሰል ማስቲካ ይሞላሉ፣ ከዚያ ቅባት የተነከረ ጥብጣብ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ይጠቀለልበታል። የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ብሎን ላይ በደረቁ ሲጠብቅ ተናክሶ ስለሚቀር ከማሰሩ በፊት ልዩ ቅባት ይቀባል፤ ይህን የዘለለ ሠራተኛ ብሎኑን በመጋዝ ነው የሚያወጣው።

ዳክታይል አይረኑ በፖሊኤቲሊን እጅጌ ተሸፍኖ ነው የሚቀበረው። እጅጌው ውሃን ፈጽሞ ማገድ አይጠበቅበትም፤ በብረቱ ዙሪያ ያለው ውሃ እንዳይታደስ ካደረገ ዝገቱ ኦክስጅን አጥቶ ይዳከማል። ከተቀደደ ግን መበላሸቱ በቀዳዳዋ ላይ ይከማቻልና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሁሉ በጥብጣብ ይደፈናሉ። ለዚህ ክፍል የባሕር ዳር አሸዋ እንደ አልጋ አላስገባንም፣ የታጠበ አሸዋ ከሩቅ መጥቷል። ለፕላስቲኩ ክፍል ጨው ግድ አይሰጠውም፤ የሚያሳስበው ስለታማው የዛጎል ስብርባሪ ስለሆነ ተነፍቶ ገብቷል።

ፕላስቲኩና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ የራሱ ባሕርይ አለው። ኤችዲፒኢ በውስጡ ግፊት ሲሞላበት በጥቂቱ ይወፍርና ያጥራል፤ የሚያጥረውም የጎረቤቱን ቧንቧ ወደ ራሱ እየሳበ ነው። ዳክታይል አይረኑ ደግሞ በጎማ ብቻ የተያያዘ ስለሆነ መጋጠሚያው ከአፉ ሊወጣ ይችላል። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ብረት በ9 ባር ሲሞከር የተዘጋ ጫፉ ወደ 3.5 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል፣ 90 ዲግሪ ክርን ላይ ደግሞ ወደ 5 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ በመገናኛው ላይ ቧንቧውን የሚያቅፍ የኮንክሪት መልሕቅ ሠርተናል፣ ክርኖቹም በኮንክሪት ተደግፈዋል፤ የባሕር ውሃ ሰልፌት ስላለው ሲሚንቶው ሰልፌትን የሚቋቋም ነው። ኮንክሪቱ ብሎኖቹን እንዳይውጣቸው በወፍራም ፕላስቲክ ተለይተዋል፤ ፍላንጅን በኮንክሪት የሚቀብር ሰው ለሚቀጥለው ጠጋኝ የሚያዝን ሰው አይደለም።

የግፊት ሙከራ

መስመሩ ከታችኛው ጫፍ በዝግታ ተሞልቶ አየሩ በላይኛው ጫፍ እንዲወጣ ተደረገ። የሙከራው ግፊት የሥራውን 1.5 እጥፍ፣ ማለትም 9 ባር ነው። ብረት የለመደ ሰው በፕላስቲክ ሙከራ ይደናገጣል፤ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ የመለኪያው ቀስት ምንም ፍሳሽ ሳይኖር መውረድ ይጀምራል። ቧንቧው በግፊቱ እየተለጠጠ ስለሚሰፋ ነው፣ መለጠጡም ለሰዓታት ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት የምንከተለው ዘዴ መስመሩን በግፊት ሥር ካቆየን በኋላ ትንሽ ውሃ በፍጥነት ለቀቅ አድርጎ ግፊቱን ዝቅ ማድረግና ቀስቱን መመልከት ነው። ጤናማ ቧንቧ ወደ ነበረበት ለመመለስ ስለሚሰበሰብ ግፊቱ በራሱ በጥቂቱ ይነሣል፤ የሚያፈስ ካለ ግን ቀስቱ ተመልሶ ይወርዳል።

በላይኛው ክፍል ቀስቱ ተነሥቶ ቆመ። በታችኛው ክፍል ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወረደ። ከርሰ ምድሩ ውሃ የሞላ ስለሆነ እርጥበት በማየት ፍሳሽን ማግኘት አይቻልም፤ በጠረፍ ሥራ ውስጥ ከሚያስቸግሩት አንዱ ይህ ነው። ቫልቭ በቫልቭ እየዘጋን ክፍሉን አሳነስነው፣ በመጨረሻም የአየር ማስወጫው ቫልቭ ተንሳፋፊ ኳስ ከመቀመጫው ላይ የተኛችበት ቦታ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተገኘች። ተጠርጎ ተዘጋ፣ ሙከራው ከመጀመሪያው ተደገመ፣ አለፈ።

ማጠብና ክሎሪን

ክሎሪን ቆሻሻን ሰርጎ አይገባም፤ ስለዚህ መስመሩ በቅድሚያ ታጥቧል፣ አሸዋ ይዞ እንዲወጣም ውሃው ቢያንስ በሰከንድ 0.9 ሜትር እንዲጓዝ ተደርጓል። ከዚያ በሊትር 25 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያለው ውሃ ይሞላል፣ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ሲለካም በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች መውረድ የለበትም። የቧንቧው ይዘት በሜትር 26.6 ሊትር ስለሆነ ለአንድ የ400 ሜትር ክፍል ወደ 10.6 ሜትር ኩብ ውሃ ይገባል፤ 65 በመቶ ንቁ ክሎሪን ያለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት 410 ግራም ያህል ይበቃዋል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል እፍኝ መጨመር የሚወድ ሠራተኛ አይጠፋም፣ እኛ ግን ሚዛን ይዘናል።

ይህ ውሃ እንዳለ ወደ ባሕሩ ቢለቀቅ በመውጫው አካባቢ ያለውን ዓሣ ይገድላል። በትልቅ በርሜል ውስጥ ክሎሪንን ከሚያጠፋው ሶዲየም ታዮሰልፌት ጋር ተቀላቅሎ፣ የቀረው ክሎሪን ተለክቶ ባዶ ሲሆን ብቻ ተለቋል። ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ልዩነት ከየክፍሉ ሁለት ዙር ናሙና ተወስዶ ለኮሊፎርም (የብክለት ምልክት ለሆኑት ባክቴሪያዎች) ምርመራ ተልኳል።

መገናኘትና አሮጌውን መዝጋት

የሁለቱም ዙር ውጤት ንጹሕ ሆኖ ስለመጣ ማዛወሩ ተጀምሯል። ውሃው የሚቋረጠው ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም ክፍት የቧንቧ አፍ በማንኛውም ጊዜ ከከርሰ ምድሩ ውሃ በላይ መሆን አለበት። ነዋሪዎች አንድ ቀን ቀድሞ ተነግሯቸዋል፣ የሚገጠሙት ዕቃዎች ሁሉ በክሎሪን ውሃ ተወልውለው በንጹሕ ሸራ ላይ ተደርድረዋል።

የየቤቱ ቅጥያ በሳድል (ዋናው ቧንቧ ላይ በሚበየድ የቅርንጫፍ ማያያዣ) አማካይነት ወደ አዲሱ መስመር ይዞራል። ሳድሉ ከመበየዱ በፊት ፀሐይና አየር የነካው የቧንቧው የላይኛ ሽፋን በመላጫ ይነሣል፤ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አይበቃም። ብዙዎቹ አሮጌ ቅጥያዎች የጋለቫናይዝድ ብረት ስለሆኑ እስከ ቆጣሪው ድረስ በፕላስቲክ እየተተኩ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የባለቤቱ ነው፤ አንዳንዶቹ ግፊቱ ሲስተካከል የቤታቸው አሮጌ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሯል፣ ይህም እንደሚሆን አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

አሮጌው መስመር ሁለቱም ጫፎቹ ተቆርጠው ከተደፈኑ በኋላ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ በፈሳሽ የሲሚንቶ ድብልቅ ይሞላል፤ ባዶ ቢተው የተበላው ግድግዳ ሲሰበር መንገዱ ይሰምጣል፣ ከዚያም በላይ የባሕር ውሃን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቦይ ይሆናል። የቫልቮቹ ርቀት ከሚታዩ ቋሚ ማዕዘኖች ተለክቶ በአዲሱ ካርታ ላይ ሰፍሯል፣ እያንዳንዱ ቫልቭ ስንት ዙር እንደሚዘጋም ተጽፏል። ቫልቮቹ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተዘግተው እንዲከፈቱ፣ በፍላንጆቹ ላይ ከተጠቀለሉት የቅባት ጥብጣቦችም አንዱ በየጊዜው ተገልጦ እንዲታይ ለጥገና ቡድኑ ተላልፏል። በምሥራቅ በኩል ያለው የመጨረሻው ቅርንጫፍ የቤት ቅጥያዎች ገና አልዞሩም፤ የሚጠበቀው የባሕሩ ዝቅተኛ ሽሽት ከቀኑ ብርሃን ጋር የሚገጥምበት ሳምንት ነው።